ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት፦ ከጎጃም ደጋ እስከ በርማ ደን

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የሚገኘው የበላያ ተራራ በኢትዮጵያ የነፃነት ተጋድሎ ታሪክ ልዩ ስፍራ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም ከስደት ሲመለሱ ወደ ጎጃም ደጋ ከመውጣታቸው በፊት ለሳምንታት የሰፈሩት በዚሁ ተራራ ነበር። በዚህ ዘመቻ ከአርበኞች ጎን ከተሰለፉት የጦር መሪዎች መካከል እንግሊዛዊው ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ይገኙበታል። ስማቸው በአዲስ አበባ በሚገኘው ትምህርት ቤት በስፋት ይታወቃል፤ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና የመጀመሪያ አገልግሎት

ኦርድ ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም በሕንድ አገር ናይኒ ታል በተባለች ከተማ ከወታደር ቤተሰብ ተወለዱ። ያደጉት በእንግሊዝ አገር ጥብቅ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ባለው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ወታደራዊ ትምህርታቸውን አጠናቀውም በመድፈኛ መኮንንነት ተመረቁ። ከ1920 ዓ.ም ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በሱዳን መከላከያ ጦር አገልግለዋል። በዚህ ጊዜ በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ የባሪያ ፈንጋዮችንና ሕገ ወጥ የዝሆን አዳኞችን የሚከታተል ጓድ ይመሩ ስለነበር፣ የድንበሩን ቆላ፣ የውኃ እጥረቱንና የጉዞውን አድካሚነት በሚገባ ተረድተዋል። በኋላም በፍልስጥኤም በሌሊት የሚንቀሳቀሱ አነስተኛ ጓዶችን አደራጅተው መርተዋል።

የሳካላው ማረፊያ

ኢጣሊያ በ1932 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ኢትዮጵያ አራተኛ የወረራ ዓመቷን አጠናቃ ነበር። የጎጃም አርበኞች በነዚህ ዓመታት ሁሉ ትግላቸውን አላቋረጡም፤ የጦር መሣሪያና ጥይት ግን በእጅጉ ያንሳቸው ነበር። ለአርበኞቹ ድጋፍ ለማድረስ የተቋቋመውና ሚሲዮን 101 የሚል ስያሜ የተሰጠው ቡድን፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ መሪነት ነሐሴ 1932 ዓ.ም ድንበሩን ተሻግሮ በእግር ወደ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በመሆን አዛዥ ከበደ ተሰማም የዘመቻው ተካፋይ ነበሩ። ቡድኑ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ካሉ የአርበኞች መሪዎች ጋር ተገናኘ።

ዊንጌት በጥቅምት ወር መጨረሻ 1933 ዓ.ም ካርቱም ሲደርሱ የገጠማቸው ችግር ግልጽ ነበር። ከሱዳን ሳንፎርድ እስካሉበት ደጋ ድረስ በእግርና በበቅሎ መጓዝ ሳምንታትን ይፈጃል። ከሳንፎርድ ጋር ፊት ለፊት ሳይመካከሩ ደግሞ ዘመቻውን ማቀድ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው በጠላት በተያዘ ምድር ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ ሆነ።

በዚያ ጊዜ የመጀመሪያው አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ካረፈ ገና አሥራ አንድ ዓመት ያህል ነበር፤ እርሱም በአዲስ አበባ አቅራቢያ ገፈርሳ ላይ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ያረፈው ነው። በጎጃም ደጋ በሳካላ አካባቢ ግን የተሠራ ሜዳ አልነበረም። በስፍራው የነበሩት የሚሲዮኑ አባላት በአገሬው ሰው እርዳታ መሬቱን አጽድተው ማረፊያ አበጁ። ዊንጌት ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም በአንድ አነስተኛ አውሮፕላን ከሱዳን በመነሳት በተራሮች ላይ በርረው በዚህ ሜዳ አረፉ። ከሳንፎርድ ጋር የንጉሠ ነገሥቱን መግቢያ መንገድና የበላያን መንደርደሪያነት ከመከሩ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው አውሮፕላን ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓታት ተጠናቀቀ።

ከኦሜድላ እስከ አዲስ አበባ

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በአውሮፕላን ኦሜድላ ደርሰው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በአገራቸው ምድር ሰቀሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በየብስ የሚኬድ ነበር። የጭነት መኪኖች በቆላው ቁጥቋጦና በደረቁ ወንዞች እየተያዙ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው አንዳንዱን ርቀት በእግር ተጉዘው በጥር ወር መጨረሻ በላያ ደረሱ። ጥይትና ስንቅ ለማጓጓዝ ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ከሱዳን ተሰማርተው ነበር። ሆኖም በመኖ እጥረት፣ በደጋው ብርድና በድካም ምክንያት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አለቁ።

ዊንጌት የሚመሩት ጦር ከ2,000 ያልበለጠ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ነበሩ። በመጽሐፈ መሳፍንት 300 ሰዎችን ይዞ ብዙ ሠራዊት ድል ባደረገው መስፍን ስም የጌዴዎን ጦር ብለው ሰየሙት። ይህ ጦር ከአርበኞች ጋር በመሆን በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የኢጣሊያ ጦር በሌሊት ጥቃት እያስጨነቀ ቡሬንና ደብረ ማርቆስን አስለቀቀ። በዚያው ወቅት በደቡብ በኩል ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች አሶሳን መጋቢት 2 ቀን ከጠላት እጅ አስለቀቁ። በዚህም ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሆነው ምድር ሰሜኑ የንጉሠ ነገሥቱ መግቢያ በር፣ ደቡቡ ደግሞ ሌላው የነፃነት ግንባር ሆነው አገልግለዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በፈረስ ተቀምጠው ከፊት ይመሩ ነበር። በግንቦት ወርም ከአርበኞች ጋር በመሆን ከ8,000 በላይ የሆነ የጠላት ጦር በአጊባር እጁን እንዲሰጥ አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጦራቸው ተበትኖ ወደ ካይሮ ተጠሩ። አብረዋቸው ለተዋጉት ያቀረቡት የሽልማትና የደመወዝ ጥያቄ ተገቢውን ምላሽ አላገኘም። በወባና በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታመው ለሞት ተቃርበው ከተረፉ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ።

የበርማው ዘመቻ

ዊንጌት በ1934 ዓ.ም ጃፓን ወደያዘችው በርማ ግንባር ተላኩ። በየካቲት ወር 1935 ዓ.ም 3,000 የሚሆኑ ወታደሮችን በእግርና በበቅሎ ወደ ደኑ አስገቡ። ስንቅ ከአየር በጃንጥላ ይጣልላቸው ነበር። አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ ባለመኖሩ ግን መራመድ ያልቻሉ ቁስለኞችን እየተዉ ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ከዘመቱት መካከል 800 ያህሉ አልተመለሱም።

በሁለተኛው ዘመቻ ዊንጌት ይህን ጉድለት ለማረም ቆርጠው ተነሱ። የካቲት 26 ቀን 1936 ዓ.ም ምሽት ግላይደር የሚባሉ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች በሌሎች አውሮፕላኖች እየተጎተቱ ከጠላት መስመር በስተ ጀርባ በደን ውስጥ ባለ ገላጣ ስፍራ አረፉ። አንዳንዶቹ በግንድና በጉድጓድ ተሰባብረው ሰው ሞተ። የተረፉት መሐንዲሶች ግን በአንድ ቀን ሜዳውን አስተካክለው በማግስቱ ምሽት ትላልቅ አውሮፕላኖች እንዲያርፉ አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 9,000 ያህል ሰዎችና ከ1,000 በላይ የጭነት እንስሳት በአየር ገቡ። ስንቅ ያመጣው አውሮፕላን ሲመለስ ቁስለኛ ይዞ መሄድ ቻለ።

ዕረፍትና መታሰቢያ

ሜጀር ጄኔራል ዊንጌት የዘመቻውን ውጤት ለማየት አልታደሉም። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም የተሳፈሩበት አውሮፕላን በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተራሮች ላይ ወድቆ፣ አብረዋቸው ከነበሩት ሁሉ ጋር በ41 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። የእንግሊዛውያኑና የአሜሪካውያኑ አጽም ተለይቶ ሊታወቅ ባለመቻሉ በኋላ በአሜሪካ አርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት አርፏል።

ኢትዮጵያ በ1930ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት በስማቸው ሰይማለች። ይኸው ተቋም ዛሬ በፖሊቴክኒክ ኮሌጅነት ወጣቶችን በሙያ ያሠለጥናል። ለድሉ መሠረት የሆኑት አምስት ዓመት ሙሉ ያልተንበረከኩት አርበኞች፣ ጭነት የተሸከሙት የሱዳንና የኢትዮጵያ ሰዎች፣ እንዲሁም በሳካላ መሬቱን ያጸዱት ገበሬዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም ግን በየትኛውም ሐውልት ላይ አልተቀረጸም።

ዛሬ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራ የሚደርስባት ከተማ ናት። ሕክምና ፍለጋ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአሶሳ የሚነሳ መንገደኛ በየብስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን አዲስ አበባ በአጭር ጊዜ ይደርስበታል። የተስተካከለ ሜዳ ለሩቅ አካባቢ ሕዝብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የጄኔራል ዊንጌት የሕይወት ታሪክ ከሳካላ እስከ በርማ ያስረዳል።