ባለ ሥልጣኑ መንገደኛ፤ ጎተ በኢጣልያ

ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎተ (1749-1832) ስሙ በአዲስ አበባም ሳይቀር በአንድ የባህል ተቋም በር ላይ ተጽፎ የሚነበብ ጀርመናዊ ባለ ቅኔ ነው። ይህ ሰው ከብዕሩ ጎን ለጎን መንገድ ያስጠግን፣ ማዕድን ያስቆፍር እንደ ነበረ ግን እኛ የሙያው ሰዎች እንኳ አዘውትረን አናነሣውም። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎተ በ1775 በወጣቱ መስፍን በካርል አውጉስት ጥሪ ወደ ቫይማር ሲገባ የ26 ዓመት ጎልማሳ፣ በድርሰቱም ዝናው የወጣ ሰው ነበር። ትንሿ ግዛት የሠለጠነ ሰው ስለሚያንሳት ኃላፊነቱ ዓመት በዓመት ተደራረበበት። በ1777 የኢልመናው የብርና የመዳብ ማዕድን፣ በ1779 የመንገዶችና የጦር ጉዳይ ኮሚሲዮኖች፣ በ1782 ደግሞ የግዛቲቱ ገንዘብ አስተዳደር በእጁ ገባ። ሥራውን የሚንቅ ሰው አልነበረም፤ ፋይሉን መርምሮ፣ ጉድጓዱን ወርዶ የሚያይ ነበር። ይሁን እንጂ ኤግሞንትና ታሶ የተባሉት ተውኔቶቹ በጅምር ቀሩ። ዐሥር ዓመት የሙሉ ሰው ጉልበት ከጠየቀው በኋላ፣ የትኛው ሥራ የራሱ እንደ ሆነ መለየት ተሳነው።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1786 ከሌሊቱ በ9 ሰዓት፣ ካርልስባድ ከተባለችው የቦሄሚያ የፍል ውኃ ከተማ በፖስታ ሠረገላ ተነሣ። ሠዓሊ ሞለር ነኝ እያለ ስሙንም ማዕርጉንም ደብቆ ነበር። ከአንድ ታማኝ አገልጋዩ በቀር መድረሻውን የሚያውቅ አልነበረም፤ የልብ ወዳጁ ሻርሎተ ፎን ሽታይን እንኳ አልተነገራትም።

የብሬነርን መተላለፊያ ተሻግሮ ቬሮና ደረሰ። ቬኒስ ሲገባ ባሕርን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። በፓዱዋና ኋላም በፓሌርሞ የዕፀዋት ሥፍራዎች ያስተዋለው ነገር፣ በ1790 ስለ ዕፀዋት አለዋወጥ ያሳተመውን መጽሐፍ ወለደ። ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚጥመው ግን በስፖሌቶ ያለው ሁኔታ ነው። በዚያ ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውንና በሸለቆ ላይ የተዘረጋውን የውኃ መተላለፊያ ድልድይ ወጥቶ መረመረ። ለሕዝብ ጥቅም የተሠራ ነገር እንደ ተፈጥሮ ራሱ የጸና ውበት እንደሚኖረው በዚህ ተረዳ። (የጥንት ሮማውያን ሥራ መስሎት ነበር፤ የዛሬ ሊቃውንት በአብዛኛው የመካከለኛው ዘመን ነው ይሉታል። ፍርዱን ግን ይህ አያፈርሰውም።)

ኦክቶበር 29 ቀን ሮማ ገባና በወዳጁ በሠዓሊው ቲሽባይን ቤት ተቀመጠ። በቆይታውም በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ሣለ። በእኔ አስተያየት የጉዞው ትልቁ ፍሬ ከዚህ የመጣ ነው፤ በ1788 መጀመሪያ፣ ሠዓሊ ለመሆን እንዳልተፈጠረ አምኖ ተቀበለ። ብዙ ሰው ከመንገድ አዲስ ምኞት ይዞ ይመለሳል። እርሱ አንድ የቆየ ምኞት ጥሎ ተመለሰ፤ የቀረውም ቀለለው። ኤግሞንትንም እዚያው ጨርሶታል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ደመወዙ አልተቋረጠም፤ ሥራውንም ቫይማር የቀሩት ባልደረቦቹ ይሠሩለት ነበር። እንዲህ ያለ አለቃና እንዲህ ያሉ ባልደረቦች ለሁሉ አይገኙም፤ ስለ ጎተ ነፃነት ሲወራ እነርሱም ሊታሰቡ ይገባል።

በጁን 1788 ሲመለስ፣ በጠየቀው መሠረት መስፍኑ ከገንዘቡና ከጦሩ አስተዳደር አሰናበተው። ሻርሎተ ግን ተለይታው መሄዱን ይቅር አላለችም፤ የቀድሞው ወዳጅነታቸው ፈረሰ። ከአሮጌ ሥራዎቹ የኢልመናውን ማዕድን አልተወም። በ1789 ታሶን ጨረሰ። ማዕድኑ ግን አልቀናውም፤ በ1796 ውኃ ሰብሮ ገብቶ ጉድጓዱን አጥለቀለቀው፣ ሥራውም በኋላ ተትቶ ቀረ። በኦገስት 1831 ጎተ 82ኛ የልደት ቀኑን ለማሳለፍ ሁለት የልጅ ልጆቹን አስከትሎ የሄደው ወደዚያው ወደ ኢልመናው ነበር።