የአፄ ቴዎድሮስ ኀዘን፦ ድብርትን እንደ ሕመም ስለ ማወቅ



በዚህ እትም የአፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ልንተርክ አስበናል። ይህ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1846 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የታሰሩት ቴዎድሮስ ገና ሳይነግሡ ኃይላቸው በበረታበት ጊዜ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ብፅዕናቸው የታወጀላቸው አባ ገብረ ሚካኤልም በነሐሴ 1847 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ያረፉት በእርሳቸው ዘመነ መንግሥት ነው። የዋግ ሰው ደግሞ የራሱ ትዝታ አለው፤ ዋግሹም ገብረ መድኅን የሞቱት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ነበርና። እንግዲህ ካቶሊክም ሆነን የዋግ ወገንም ሆነን ስለ እኚህ ሰው ስንጽፍ የምናነሣው በደሉንም ጀግንነቱንም ሳንክድ ነው። ዛሬ የምንመለከተው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን የሕይወታቸውን ክፍል፣ ማለትም ኀዘናቸውን ነው። ይህንንም የምናደርገው በየቁምስናችን ተመሳሳይ ኀዘን ይዟቸው ዝም ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ስላሉ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብም በችግር ኖሩ። ለትምህርት የገቡበት ገዳም በጦር ተወርሮ ብዙ ሕፃናት ሲያልቁ እርሳቸው እንዳመለጡ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ከሽፍትነት ተነሥተው፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፈው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ፣ ባሪያ ንግድን ለመከልከል፣ ሠራዊቱ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለማድረግ ብዙ ደከሙ።

በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ ያሳርፏቸው የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሁሉ በፊት የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች ነበሩ። በቁርባን የተጋቡ፣ እርስ በርስ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የንጉሡን ቁጣ በማብረድም እቴጌይቱ የታወቁ ነበሩ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው ጆን ቤል እንደ ወንድም ቀርቧቸው በታማኝነት አገልግሏቸዋል፤ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደንም ወዳጃቸው ነበር። እቴጌ ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን በሽፍቶች እጅ ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቤል ንጉሡን ሲከላከል በጦርነት ወደቀ። በሦስት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ሄዱ።

በዘመኑ ያዩአቸው ሰዎች የጻፉት በአንድ ነገር ይስማማል። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ የቀድሞው ሰው አልነበሩም። መጠጥ አበዙ። ብርቱ ቁጣና ብርቱ ጸጸት ይፈራረቁባቸው ጀመር፤ ማመን የሚችሉት ሰው አነሰ። ሁለተኛይቱን ሚስታቸውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ቢያገቡም አባቷ የእርሳቸው እስረኛ ስለ ነበሩ በቤታቸው ሰላም አልነበረም።

በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ቆንስል ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩ። የግብፁ ጳጳስ አቡነ ሰላማም በመቅደላ ታስረው እንዳሉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። እስረኞቹን ለማስፈታት ከመጡት አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር፤ እርሱም ከ1858 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዚያው አምባ በእግር ብረት ተቀመጠ። ካቴኪስቶቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እንወዳለን። ንስሓ የሚቀበል ጳጳስም ሕመም የሚያውቅ ሐኪምም ከንጉሡ ደጃፍ አልራቁም ነበር፤ ሁለቱም ግን በራሳቸው በንጉሡ እጅ ታስረው ነበር።

አገሩም እየራቃቸው ሄደ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጡ። የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ የአባታቸውን ደም አስበው ዋግንና ላስታን ይዘው ሸፈቱ። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በ1860 ዓ.ም. 13,000 ያህል ወታደር የያዘው የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም።

ያ የመጨረሻ ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ቀን ንጉሡ ተቆጥተው ብዙ እስረኞችን አስገደሉ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ ሠራዊታቸው አሮጌ ላይ ተሸነፈ፤ 700 ያህል ሰው ሲሞት የሚወዷቸው ፊታውራሪ ገብርዬም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በማግሥቱ ሕይወታቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ባለሟሎቻቸው እንዳስጣሏቸው ተጽፏል። ፋሲካ አለፈ። በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አምባው ሲሰበር በገዛ እጃቸው ሞቱ። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

እንግዲህ ምን እንላለን? ከ150 ዓመት በላይ ያለፈውን ሰው መርምሮ የሕመሙን ስም መስጠት ለማንም አይቻልም። በደላቸውንም ሁሉ በሕመም ማመካኘት ተገቢ አይደለም፤ በድብርት የታመሙ ሰዎች አብዛኛዎቹ በሌላው ላይ ክፉ አያደርጉም፤ ይልቁንም በዝምታ ራሳቸው ይጎዳሉ። የንጉሡ ታሪክ በግልጽ የሚያሳየን ግን ኀዘን ሳይፈታ ሲቆይ ሰውን ከሚረዱት ሰዎች እንደሚለየው ነው። ይህም የድብርት ዋና ጠባይ ነው። የታመመው ሰው እርዳታ በሚያስፈልገው ሰዓት በሩን ይዘጋል፤ ስለዚህም እኛ ወደ እርሱ መሄድ ይገባናል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት የተሠሩት ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ኀዘን ሕመም አይደለም፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይቀልላል። ነገር ግን ሐኪሞች ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልብ ከከበደ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ጣዕሙን ካጣ ምርመራ ያስፈልጋል ይላሉ። ከዚህ ጋር እንቅልፍ ማጣት ወይም ማብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድካም፣ ነገርን ማሰብ አለመቻል፣ ያለ ምክንያት ራስን መኰነን፣ ሞትን መመኘት ይታያሉ። በገጠራችን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ልቤ አዘነ የሚል ቃል አይደለም፤ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመም፣ የሆድ መቃጠል ነው። በወለዱ እናቶች፣ በድርቅና በጦርነት ቤታቸውን ባጡ ቤተ ሰቦች፣ ለብዙ ጊዜ በሌላ በሽታ በተያዙ ሰዎችም ላይ ይህን ልንጠብቅ ይገባል።

አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ለዚህ ሕመም መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች የተገኙት ከእርሳቸው ሞት 90 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዛሬ ግን አለ። ሕመሙ ቀላል ሲሆን የሠለጠነ ሰው የሚሰጠው ምክክር ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ይኸውም ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስን፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሐሳብን መመርመርን ያስተምራል። ሲጠና እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እነዚህ ኃይላቸውን የሚያሳዩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይተው ነው፤ ብዙዎች በሦስተኛው ቀን አልሠራልኝም ብለው የሚተዉት ይህን ባለማወቅ ነው። ሱስ የሚያስይዙ አይደሉም። የተሻለው ሰውም ቢያንስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር መቀጠል ይገባዋል፤ ሲያቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። አረቄና ጠላ ለጊዜው የሚያስረሱ ቢመስሉም ሕመሙን ያብሳሉ፤ ይህንም በንጉሡ ሕይወት አይተናል።

በጋዝጊብላ ያለ ምእመን መጀመሪያ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ሲያስፈልግ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይላካል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ያሠለጥናል። ጸበልና ጸሎት ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ተው ሊባል አይገባም። በሽተኛን ማሰር፣ መደብደብ፣ ያለ ፈቃዱ ማስራብ ግን ክርስቲያናዊ ሥራ አይደለም። ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ምሥጢረ ቀንዲልም ለሞት ለቀረበ ብቻ እንዳልተወሰነ እናስታውሳለን።

ስለ ንጉሡ አሟሟት ደግሞ አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ሕዝባችን በግጥምና በዜማ እንደ ጀግንነት አወድሶታል። ለባዕድ አልገዛም ማለታቸውን ማክበር ይቻላል፤ አሟሟታቸውን ግን ለልጆቻችን ምሳሌ አድርገን ልናቀርብ አይገባም። የሰው ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። በሌላ በኩል ራሱን ያጠፋን ሰው ጥፉ ነው ብሎ መፍረድም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2280 እስከ 2283 ድርጊቱን ይኰንናል፤ ሆኖም ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ጭንቀትና ፍርሃት የሰውን ተጠያቂነት እንደሚቀንስ፣ እግዚአብሔርም እርሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ለንስሓ ዕድል ሊሰጥ እንደሚችል፣ ቤተ ክርስቲያንም ስለ እነዚህ ነፍሳት እንደምትጸልይ ያስተምራል። ቅዱስ አባታችን ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም በኅዳር 1996 ዓ.ም. ስለ ድብርት በተደረገ ጉባኤ ተናግረው በሽተኞቹ እግዚአብሔር እንደሚወዳቸው በሰዎች ቅርበት እንዲያውቁ አሳስበዋል።

ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። ከማኅበር፣ ከገበያ፣ ከቅዳሴ የቀረውን ሰው ሰነፈ ወይም እምነቱ ላላ ከማለታችሁ በፊት ቤቱ ድረስ ሂዱ። ሞትን ትመኛለህን ብላችሁ በፍቅር ለመጠየቅ አትፍሩ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀላል። አዎን ካላችሁ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ቤተ ሰቡን ጥሩ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። በመቅደላ ባለሟሎቹ ንጉሡን በቅዳሜው አስጥለዋቸው ነበር፤ ሰኞ ግን የሚደርስላቸው አልተገኘም። አንድ ጊዜ የዳነ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ይልቁን ሰው ያስፈልገዋል።

በዕለተ ሙታን የአባ ገብረ ሚካኤል ልጆች የሆንን እኛ ስለ አሳሪያቸው ነፍስም ብንጸልይ ከሰማዕቱ መንፈስ የራቅን አንሆንም። ስለ አፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ ዋግሹም ገብረ መድኅን፣ በኀዘን ተሸንፈው ስለ ሞቱ ሁሉ እንጸልይ፤ በሕይወት ላሉት ግን ከጸሎታችን ጋር እግራችንንም እናንሣላቸው።