ማሕሌታዊው ያሬድና የዓመቱ ወራት

ከእናንተ መካከል በገጠር ያደገው ተማሪ ወቅት ምን እንደ ሆነ ያለ መጽሐፍ ያውቃል። ሰኔ ሲገባ በሬ እንደሚጠመድ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ጎተራ እንደሚራቆት፣ መስከረም ሲጠባ ሜዳው አደይ አበባ እንደሚለብስ አይቶ አድጓል። በከተማ ያደገው ግን ዓመቱን የሚቈጥረው አብዛኛውን ጊዜ በፈተናና በዕረፍት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የአንድ ሰው ታሪክ ሲሆን፣ ይህ ሰው የዓመቱን ወራት እየተከተለ ለእያንዳንዱ ወቅት የሚስማማውን ዜማ በማዘጋጀት ዕድሜውን የፈጸመ ነው። ስሙ ያሬድ ይባላል፤ ካለፈም ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ስለ ያሬድ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረና በኋላም በስንክሳርና በገድሉ የተጻፈ ነው። ገድሉ የተጻፈው እርሱ ካለፈ ብዙ መቶ ዓመታት ቈይቶ ነው። ዛሬ በእጃችን የሚገኙት የድጓ መጻሕፍትም እንዲሁ ከእርሱ ዘመን እጅግ ዘግይተው የተጻፉ ናቸው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ብዙ እንደ ጨመሩባቸው ይታወቃል። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር የምነግራችሁ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትተርከው ነው።

በዚሁ ትረካ መሠረት ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ነው። እናቱ ታውክልያ ትባል ነበር። ገና በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ወስዳ ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። አባት ለሌለው ልጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረም። መምህሩ ዘመድ ናቸው፤ ትምህርቱም እዚያው በደጃቸው ነው። ልጁ ፊደሉን ቈጥሮ፣ ዳዊቱን ደግሞ፣ እንደ እኩዮቹ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ይጠበቅበት ነበር።

ያሬድ ግን ይህን ማድረግ አልቻለም። የነገሩትን አይዝም፤ የያዘውም ወዲያው ይጠፋበታል። ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊትን ጨርሰው ወደ ሌላ ትምህርት ሲሻገሩ እርሱ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ተሳቀበት፤ መምህሩም በዘመኑ ልማድ ገረፉት። ወንበር ይዞ ያስተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አጋጥሞታል፤ ልጁ እንዲማር በማሰብ የተነሣው ዱላ ልጁን ከትምህርት ሲያባርረውም ብዙ ጊዜ ታይቷል። ያሬድም ግርፋቱ ሲጸናበት አክሱምን ትቶ ሸሸ።

መንገድ ሲሄድ ደክሞት ማይ ኪራሕ ከተባለው ቦታ ደረሰ። በዚያም ውሃ ነበር፤ ዛፍም ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ወዴት እንደሚሄድ ሲያስብ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደቀ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወደቀ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከዛፉ ጫፍ ደርሶ ፍሬውን ሲበላ ያሬድ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ከአባ ጌዴዎን እግር ወድቆም ይቅርታ ለመነ።

ይህ የትሉ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ምናልባት እናንተም ከዚህ ቀደም ሰምታችሁታል። የሚነገረውም ሁልጊዜ ስለ ጽናት ነው። እኔ ግን ከትሉ ይልቅ ልጁን እንድታስቡት እፈልጋለሁ። አንድ ትል ሰባት ጊዜ ግንድ እስኪወጣ ድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የሚቸኩል ሰው የመጀመሪያውን መውደቅ ያይና መንገዱን ይቀጥላል። ያሬድ ግን ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ቃል መያዝ ያቃተው ልጅ ሌላ ልጅ የማያየውን ነገር በዝግታ ማየት ይችል ነበር ማለት ነው። በኋላ ዘመኑ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ችሎታ የወጣ ይመስለኛል።

ከተመለሰ በኋላ መዝሙረ ዳዊትን፣ ቀጥሎም ብሉያትንና ሐዲሳትን ጠንቅቆ ዐወቀ። በ14 ዓመቱ ዲቁና እንደ ተሾመ ይነገራል። አባ ጌዴዎንም ሲሞቱ ወንበሩ ለእርሱ ተላለፈ። ዘመኑ ዐፄ ካሌብ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል የነገሡበት፣ ተሰዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት መነኮሳት በአክሱም ዙሪያና ከዚያም ራቅ ብለው ገዳማትን ያቋቋሙበት ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጸሎቱ በንባብ ብቻ ይደርስ እንደ ነበረ፣ ያሬድ ግን ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም ወስደውት ማሕሌቱን እንደ ሰማ፣ ተመልሶም አርያም የተባለውን ዜማ በአክሱም ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ድምፅ እንዳሰማ ትውፊቱ ይናገራል። ዜማውን በሦስት ስልት ከፈለው፤ እነርሱም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ግእዝ ጠንከር ያለ፣ ዕዝል ለስለስ ያለ፣ አራራይ ደግሞ ልብን የሚያባባ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን በሥላሴ ይመስሏቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያሬድ ከደረሳቸው መጻሕፍት ታላቁ ድጓ ነው። ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥእትም የእርሱ ናቸው ይባላል። ድጓን ከፍታችሁ ብትመለከቱ እንደ ሌላ መጽሐፍ በርእሰ ጉዳይ የተከፈለ ሆኖ አታገኙትም፤ የተሰደረው በዓመቱ ዙር ነው። መስከረም 1 ቀን በዮሐንስ ይጀምርና በበዓላቱና በወቅቶቹ እያለፈ እስከ ጳጉሜን ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍላለች። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ዜማውም ከእነዚህ ጋር ይዞራል።

ክረምቱን ብቻ ወስደን እንመልከት። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ገበሬው ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ጊዜ፣ ማሕሌቱ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዘምራል። ሐምሌ ሲገፋ ተራው የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የባሕርና የወንዞች ይሆናል። ነሐሴ ሲጋመስ ዕጓለ ቋዓት የሚባለው ክፍል ይገባል፤ ትርጓሜውም የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ነሐሴ በአገራችን ገጠር የቈየው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት፣ እናት ለልጆችዋ የምታበስለውን የምታጣበት ወር መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ወር ዜማው በጎጆአቸው ሆነው ምግብ ፍለጋ ወደ ፈጣሪ ስለሚጮኹ ጫጩቶች ነው። ይህን አጋጣሚ ነው የሚል ካለ እኔ አላምነውም። ጥቂት ቈይቶ፣ ነሐሴ ወጥቶ ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ስለ ጎሕና ስለ ንጋት ይዘመራል፤ የጨለማው ጊዜ ሊያልፍ ነውና። ከዚያም መስከረም ይጠባል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ምድሪቱ ባበበችበት ጊዜ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ መሰደድዋ ይታሰባል። ለዚህ ወቅት ኋላ የተነሡ ደራሲዎችም ብዙ ጨምረውበታል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ዜማው ራሱ ይጾማል ማለት ይቻላል። ከበሮው ይሰቀላል፤ ጸናጽሉም ዝም ይላል፤ መዘምራኑ በመቋሚያቸው ብቻ ጾመ ድጓን ይዘምማሉ። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጉዕ እየተባሉ እስከ ሆሳዕና የሚደርሱትን የጾሙን እሑዶች በእነዚህ ስሞች የጠራቸው ያሬድ ነው ይባላል። ፋሲካ በደረሰ ሌሊት ከበሮው ሲመታ የሚሰማው ደስታ ከፊቱ ያን ሁሉ ሳምንት ዝምታ ያልታገሠ ሰው የሚያገኘው አይደለም።

ይህ ትምህርት በችኮላ የሚያዝ አይደለም። የዜማ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ቤቱንና ዘመዱን ትቶ ከመምህር ደጅ ይጠጋል። ቀን ለምኖ ይበላል፤ ሌሊት በጨለማ ቃሉን ይቀጽላል፤ መጽሐፉንም በገዛ እጁ ይጽፋል። ድጓን ለመፈጸም ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የመስከረሙ በመስከረም፣ የሐምሌው በሐምሌ ከአፍ ሲባል ተሰምቶ፣ ዓመት ዞሮ እንደገና ሲመጣ እንደገና ተሰምቶ የሚጸና ነውና። ለረጅም ዘመን ምልክት እንኳ አልነበረውም፤ በፊደላቱ ራስ ላይ የሚቀመጡትን የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ዛሬም በድጓ መምህርነት ለመመረቅ የሚፈልግ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ የዝማሬና የመዋሥእት ምስክር ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ በዙር አምባ ነው። ያሬድም እነዚህን ሁለቱን የደረሰው በዙር አምባ ተቀምጦ ነው ይባላል። በጣና ቂርቆስም እንደ ቈየ የደሴቲቱ ሰዎች ይተርካሉ።

ወደ ሕይወቱ እንመለስ። ያሬድ በአክሱም ከፍ ያለ ክብር አገኘ። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል ይወዱት ነበር፤ ጳጳሱና ካህናቱም ያከብሩት ነበር። ያ በትምህርት ድክመቱ የተሳቀበት ልጅ አሁን ንጉሥ ቆሞ የሚሰማው ሊቅ ሆነ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን የሆነውን ስሙ። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው በእጃቸው የያዙትን ጦር ሳያስቡት በያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ጦሩ እግሩን ወጋው፤ ደሙም ፈሰሰ። ንጉሡ አላወቁም፤ ያሬድም ሕመሙ ሳይሰማው ዜማውን እስከ መጨረሻው አደረሰ። ኋላ ንጉሡ ያደረጉትን ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ ጦሩንም ነቅለው ለደሙ ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቃቸው በመሐላ ነገሩት።

ርስት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሹመትም እንዲሁ። እርሱ ግን የለመነው እንዲያሰናብቱት ነው። ከከተማው ወጥቶ፣ መንኖ፣ በጾምና በጸሎት ሊኖር ፈለገ። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ አዘኑ፤ በምንም ሌላ ነገር ሊለውጡት በወደዱ ነበር፤ ግን መሐላ ነበረባቸውና ፈቀዱ። የዚህን ልመና ክብደት የምታውቁት ያሬድ የሚተወውን ስታስቡ ነው። ድምፁ የታወቀው በአክሱም ነው፤ ዜማውን የሚቀበሉት ደቀ መዛሙርት፣ ሕንጻው፣ በዓላቱ፣ ሁሉም ያሉት በዚያው ነው። አንዳንድ ሰው ሥራው ሲያብብ ከሥራው መራቁ ስሕተት ነው ይል ይሆናል፤ እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበር። ዛሬ ግን ያሬድ ሥራውን ትቶ ሳይሆን ሥራውን ተከትሎ የሄደ ይመስለኛል። ስለ ደመናና ስለ መብረቅ፣ ስለ ጫጩትና ስለ አበባ የዘመረ ሰው እነዚህ ወደሚገኙበት ቦታ ሄደ።

ከመሄዱም በፊት በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ምስጋና አደረሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ ንጉሡና ካህናቱ እያለቀሱ ሸኙት፤ እርሱም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ። ሰሜን ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት፣ በክረምት ጉሙ ገደሉን የሚሞላበት አገር ነው። እዚያ የቤተ መንግሥት በዓል የለም። የሚታወቀው የፀሐይ መውጣትና መግባት፣ የዝናብ መምጣትና መቆም ነው። ያሬድ የቀረ ዘመኑን በዚያ በጾምና በጸሎት፣ ወደ እርሱ የሚመጡትንም በማስተማር አሳለፈ።

ግንቦት 11 ቀን በ66 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ። ቤተ ክርስቲያን ተሰወረ እንጂ ሞተ አትልም፤ መቃብሩም አይታወቅም። በአዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል። በዓሉ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል፤ በዚያ ዕለት ሌሊት ማሕሌት ቆመው ያደሩ መዘምራን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ በገጠር ከሆነ፣ በማዶው ገበሬው ማሳውን ለክረምቱ ሲያርስ ያያሉ። ለዘርና ለደመናው ዜማ የሚቀረው ወር ተኩል ያህል ነው።