ባሩክ ስፒኖዛና የተከሰሰው መጽሐፍ

ባሩክ ስፒኖዛ እ.ኤ.አ. በ1632 በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት መከራ ደርሶባቸው ከፖርቱጋል ከተሰደዱት አይሁድ ወገን ነበሩ፤ አባቱም ነጋዴ ነበር። ስፒኖዛ በልጅነቱ የዕብራይስጥን ቋንቋና ቅዱሳት መጻሕፍትን በማኅበሩ ትምህርት ቤት ተማረ። ኋላም ላቲን አጥንቶ በጊዜው አዲስ የነበረውን የዴካርትን ፍልስፍና መመርመር ጀመረ።

ያነበበውን ሳይመረምር መቀበል አይሆንለትም ነበርና ከማኅበሩ አለቆች ጋር ተጋጨ። በ1656 በሐምሌ ወር፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከምኩራብ ተወግዞ ተለየ። ከማኅበሩ አባላት አንድም ሰው እንዳያነጋግረው፣ በአንድ ጣራ ሥር አብሮት እንዳይቀመጥ፣ ከአራት ክንድ ይበልጥ እንዳይቀርበው፣ የጻፈውንም እንዳያነብ ታዘዘ። ስፒኖዛ ግን ሐሳቡን ለውጦ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ መስተዋት እየሞረደና እየወለወለ ለማይክሮስኮፕና ለቴሌስኮፕ የሚሆን ሌንስ ይሠራ ጀመር። በዚህ ሙያውም በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። በኪራይ ቤት እየኖረ፣ ኑሮውን በልክ አድርጎ፣ የቀረውን ጊዜ ለንባብና ለጽሑፍ አዋለው። በ1670 ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት የጻፈውን መጽሐፍ ስሙን ሳይገልጽ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ፣ ሰው ያሰበውን እንዲናገር መፍቀድ የአገርን ሰላም እንደማያናጋ፣ መከልከሉ ግን ሰላምን እንደሚያጠፋ ለማስረዳት ሞከረ። መጽሐፉ በ1674 በመንግሥት ትእዛዝ ታገደ።

እገዳው ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1673፣ በጀርመን አገር የሚገኘው የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር እንዲሆን ጋብዞት ነበር። ማዕርጉ የሚያስከብር፣ ደመወዙም ከችግር የሚያወጣ ነበር። ሆኖም የአገሩን ሃይማኖት እንዳያውክ ስለ ተጠየቀ፣ የማስተማር ነጻነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ማወቅ አልቻለም። ስለዚህ ጥሪውን በትሕትና መልሶ በሥራው ጸና።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው «ሥነ ምግባር» የተባለው መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ እንደ ጂኦሜትሪ በብያኔ፣ በመነሻ ሐሳብና በማረጋገጫ የተዘጋጀ፣ አምስት ክፍል ያለው ነው። በውስጡም እግዚአብሔርና ተፈጥሮ የተለያዩ እንዳልሆኑ፣ ሰውም የተፈጥሮ አንድ ክፍል እንደ ሆነ ያስተምራል። ሰው ቁጣው፣ ፍርሃቱና ምቀኝነቱ ከምን እንደሚመነጩ ባወቀ መጠን ከእነርሱ ባርነት ነጻ እየሆነ እንደሚሄድም ያስረዳል። በ1675 ሊያሳትመው ቢነሣም፣ ክህደት ጽፏል የሚል ወሬ ስለ ተነዛ ማሳተሙን ተወው።

ስፒኖዛ በ1677 በየካቲት ወር፣ በ44 ዓመቱ፣ በሳንባ በሽታ በሄግ ከተማ ዐረፈ። ጽሑፎቹ የነበሩበት ጠረጴዛ አምስተርዳም ወደሚገኘው አሳታሚ ተላከ፤ ወዳጆቹም በዚያው ዓመት መጨረሻ አሳተሙለት። በሚቀጥለው ዓመት ይህም ሕትመት ታገደ።

መጽሐፉ ከመታተሙ ጥቂት ወራት በፊት ግን፣ ቀድሞ የስፒኖዛ ወዳጅ የነበረ ኒልስ ስቴንሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ሊቅ፣ አንድ የእጅ ግልባጭ ሮማ ላይ እጁ ገባ። እርሱም ትምህርቱ ለሃይማኖት አደገኛ ነው ብሎ ስላመነ፣ ግልባጩን ለቤተ ክርስቲያን መርማሪ ሸንጎ አስረከበ። በ2010 ሌን ስፕሮይት የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ግልባጭ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አገኘው። የ«ሥነ ምግባር» የእጅ ጽሑፍ ሆኖ እስከ ዛሬ የተገኘው እርሱ ብቻ ነው። በ2020 በፈረንሳይ አገር የወጣው አዲስ እትምም ከዚሁ ግልባጭ ጋር እየተመሳከረ የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ እንዲወገዝ የተሰጠው ጽሑፍ፣ ከ330 ዓመት በኋላ መጽሐፉን በትክክል ለማንበብ የሚረዳ ምስክር ሆነ። የስፒኖዛን ሐሳብ የሚቀበሉት እንዳሉ ሁሉ የሚቃወሙትም ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መቀበልም ሆነ መቃወም የሚገባው፣ ጸሐፊው ያለውን አንብቦና ተረድቶ ነው።