ተራዬን የወሰደብኝ ፈረንሳዊ

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ እጁ ተሰበረና ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሄድኩ። ነርሷ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና አተነፋፈሱን ለካች፤ ከዚያ እንድንጠብቅ ነገረችን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ከኛ በኋላ የመጡ አንዲት እናት ግን ቀጥታ ገቡ። ደሜ ፈላ። እኛ እኮ ነን ቀድመን የመጣነው!

ማታ ስልኬን እየነካካሁ ይሄን አሠራር ማን እንዳመጣው ስፈልግ ዶሚኒክ ዣን ላሬይ የሚባል ሰው አገኘሁ።

ላሬይ እ.ኤ.አ. በ1766 በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በምትገኝ የፈረንሳይ መንደር ተወለደ። ገና በልጅነቱ አባቱን አጣ። ቱሉዝ ከተማ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው አጎቱ ተቀብሎ አሳደገው፣ ሙያውንም አስተማረው።

በ1792 ከፈረንሳይ ጦር ጋር ወደ ራይን ዘመተ። የዚያን ጊዜ ደንብ ጨካኝ ነበር። ሐኪሞቹ ከውጊያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ፤ ቁስለኛ የሚነሳው ተኩሱ ካበቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ስንቱ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ላሬይ ግን በፈረስ የሚጎተቱት መድፎች ሜዳውን ሲያቋርጡ አየ። መድፍ እንዲህ ከሮጠ ቁስለኛስ ለምን አይሮጥም? ቀላል ጋሪዎች አሠርቶ፣ ሐኪምና ረዳት መድቦ ውጊያው መሀል አስገባቸው። በራሪ አምቡላንስ ተባሉ። በ1798 ግብፅ ሲዘምት ደግሞ በጋሪው ፋንታ ግመል ተጠቀመ።

ትልቁ ነገሩ ግን ተራውን መገልበጡ ነው። ክፉኛ የቆሰለ መጀመሪያ ይታከማል፣ ቀላል ጉዳት ያለበት ይጠብቃል፤ በቃ። ማዕረግ አይታይም፣ አገር አይጠየቅም። ጄኔራሉ ጣቱ ከተቧጨረ፣ እግሩ የተቆረጠው ተራ ወታደር ይቀድመዋል። የጠላት ወታደርም ቢሆን ያው ነው። ዛሬ ሆስፒታል በር ላይ የምናነበው ትሪያጅ የሚለው ቃል ራሱ መለየት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ይሄ ደንብ አንድ ቀን ለራሱ ደረሰለት። በ1815 ዋተርሉ ላይ ፕሩሻውያን ማርከው ሊገድሉት ሲሉ፣ ትምህርቱን ተከታትሎ የነበረ አንድ ሐኪም ለየው። ወደ ጦር አዛዡ ብሉከር ተወሰደ። ላሬይ ከዓመታት በፊት የቆሰለ የብሉከርን ልጅ አክሞ አትርፎ ነበር። በሕይወት ተለቀቀ። ናፖሊዮንም በኑዛዜው 100,000 ፍራንክ ተወለት። በ1842 በ76 ዓመቱ ሊዮን ከተማ ውስጥ አረፈ።

አሁን ወደ ያቺ ሌሊት ልመለስ። ወንድሜ እጁ በጄሶ ታስሮ ስንወጣ፣ እኚያን እናት በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ ልጃቸው እግራቸውን ይዛ ታለቅሳለች። አፈርኩ። የወንድሜ እጅ አንድ ሰዓት መጠበቅ ይችል ነበር፤ የሳቸው ትንፋሽ ግን አይችልም።

እናንተም አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል። የያዛችሁት ሰው ከባሰበት ዝም አትበሉ፣ ሄዳችሁ ለነርሷ ንገሩ፤ እንደገና ታየዋለች። ካልባሰበት ግን ጠብቁ። መጠበቃችሁ የከፋ አደጋ ላይ አለመሆናችሁን ነው የሚነግራችሁ።