መልእክቱን ያደረሱት መምህር፦ ፈረደ አክሉም

ዛሬ ቂርያት መላኺ ወይም ገዴራ ተቀምጦ ጎንደር ካለ ዘመድ ጋር በስልክ መነጋገር ቀላል ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ግን ከሱዳን የተላከች አንዲት ቃል ወልቃይት እስክትደርስ በብዙ ሰው አፍና እግር ታልፍ ነበር። ያንን መስመር ከጀመሩት ሰዎች ዋነኛው መምህር ፈረደ ያዘዘው አክሉም ናቸው።

መምህር ፈረደ የትግራይ ተወላጅ፣ በሙያቸውም አስተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 እስራኤል ከደርግ ጋር በምስጢር ተስማምታ 120 ያህል ቤተ እስራኤላውያንን በሁለት በረራ አስገባች። በፌብሩዋሪ 1978 ግን ሞሼ ዳያን እስራኤል ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንደምትሰጥ በአደባባይ ተናገሩ፤ ደርግም በሩን ዘጋ። ወገናቸውን ለማውጣት ይደክሙ የነበሩት መምህር ፈረደም ስለተፈለጉ ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ።

ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት አልነበራቸውም። ስለዚህ መምህሩ ከካርቱም የላኩት የድረሱልን መልእክት በሌላ በኩል ዞሮ ነበር እስራኤል የደረሰው። ሞሳድም ዳኒ ሊሞር የተባለውን ሰው ላከ፤ እርሱም ካርቱም ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። በሩ ሱዳን ላይ ቢከፈትም ሕዝቡ ያለው በትግራይና በጎንደር መንደሮች ነው። በመካከሉ ጦርነት አለ፤ አንዱን ቦታ ደርግ፣ ሌላውን አማፂያን ይዘውታል። መምህሩ በሰው እጅ ደብዳቤ ላኩ፤ በቃልም አስነገሩ። ደብዳቤ ቢያዝ ተሸካሚውን ያስገድላል፤ ቃል ግን ልብ ውስጥ ይደበቃል። የሰማው ለሚታመን ዘመዱ ይነግራል፤ መንገድ ከተዘጋ ይዞ ይቆያል፤ መንገደኛ ሲያገኝ ያሻግራል። አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲደርስ ወሬው በብዙ አቅጣጫ ይሄዳል።

መልእክቱ መድረሱን የሚያስታውቅ ደረሰኝ አልነበረም። ምላሹ ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ የትግራይና የወልቃይት፣ ኋላም የጎንደር ቤተሰቦች ሌሊት ለሌሊት በእግር ሱዳን ገቡ። ወሬው ወዴት እንደሚኬድ ይናገር ነበር እንጂ መንገዱ የሚያስከፍለውን ማንም አስቀድሞ አላወቀም። በጉዞና በስደተኛ ጣቢያ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም ኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል።

መምህር ፈረደን የሱዳን የጸጥታ ሰዎች ስለተከታተሏቸው በ1980 እስራኤል ገብተው ቤርሼቫ ኖሩ። የጀመሩት መስመር ግን አልተቋረጠም፤ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ ብቻ ከ6,000 በላይ ሰው ገባ።

በ2009 ለጉብኝት ኢትዮጵያ ሄደው ሳለ አረፉ፤ አስከሬናቸው ተመልሶ ቤርሼቫ ተቀበረ። ያንን ቃል ከእናቱ ወይም ከአጎቱ ጆሮ ላይ በሹክሹክታ የሰማ ሁሉ፣ የመምህሩን ስም ባያውቀውም እንኳ፣ መልእክታቸው ደርሶታል።