ጊታርን በእግር ያስለቀሰው የሞተር ሳይክል ሰው

የካንትሪ ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ይሄን ድምፅ በደንብ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ከጀርባው አንድ ነገር እንደ ሰው ያለቅሳል። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ዶሊ ፓርተንን ከወላጆቻችን ካሴት ለወረስን ልጆች ቫዮሊን ሊመስለን ይችላል። አይደለም። ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል።

ዛሬ የምንነግራችሁ ይሄ መሣሪያ ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ትልቅ ድርሻ ስለነበረው ሰው ነው፤ ስለ ፖል አደልበርት ቢግስቢ። ስሙ በዓለም ዙሪያ በብዙ ጊታሮች ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የሰውየው ታሪክ ግን ከስሙ ያነሰ ነው የሚወራው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ ሞተር ሳይክል ነበር

ቢግስቢ የተወለደው በ1899 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ነው። ኑሮውን የመሠረተው ግን ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። በወጣትነቱ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። እንጀራው ደግሞ ቀልጦ የሚፈሰው ብረት መልኩን የሚያገኝበትን የእንጨት ቅርጽ መሥራት። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ቅርጹ ትንሽ ከተዛነፈ የሚወጣው ብረትም ተዛንፎ ነው የሚወጣው።

በ1930ዎቹ አል ክሮከር የተባለ ሰው ባቋቋመው አነስተኛ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1936 ብቅ ባለው ባለሁለት ሲሊንደር የክሮከር ሞተር ላይም የቢግስቢ እጅ አለበት። ዛሬ ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ ለጨረታ ሲቀርብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

እናላችሁ፣ ይሄ ሰው ከሞተር ሌላ አንድ ፍቅር ነበረው፤ የካንትሪ ሙዚቃ። ከሙዚቀኞች ጋር ገጠመ። ማንኛውንም ነገር መጠገን እችላለሁ ባይም ነበር። አንድ ቀን ዘፋኙና ጊታሪስቱ መርል ትራቪስ የተበላሸ የጊታር መወዝወዣ አመጣለት። ይህ በእጅ ሲጫኑት ክሮቹን በትንሹ እያላላ ድምፁን የሚያርገበግብ ዕቃ ነው። ቢግስቢ ያንን መጠገኑ አልሆን ሲለው ከባዶ ተነስቶ የተሻለ ሠራ። ዛሬ ስሙን ተሸክሞ ዓለምን የሚዞረው ያ መወዝወዣ ነው።

🔹 ችግሩ ምን ነበር?

ስቲል ጊታር የመጣው ከሃዋይ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ተጫዋቹ ክሮቹን በጣት አይጫንም። ጊታሩን አጋድሞ በግራ እጁ አንድ ለስላሳ ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። የሚያለቅሰው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ችግሩ ግን ብረቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ሁሉንም ክር እኩል ይዞ ይሄዳል። አንዷን ክር ብቻ ከፍ አድርጎ ሌላውን ባለበት መተው አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለትና ሦስት አንገት አስገጥመው፣ እያንዳንዱን በተለያየ ቅኝት ቃኝተው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ይጫወቱ ነበር።

በእግር የመቃኘት ሐሳብ የቢግስቢ ፈጠራ አይደለም። ጊብሰን በ1940 ገደማ ኤሌክትራሃርፕ የሚባል ባለፔዳል ጊታር አውጥቶ ነበር። ቢግስቢ ያደረገው ነገር ሐሳቡን አስተማማኝ ማሽን ማድረግ ነው።

በ1948 ስፒዲ ዌስት ለተባለ ወጣት ባለሦስት አንገትና ባለአራት ፔዳል ጊታር ሠራለት። ከሞተር ሥራው የለመደውን አሉሚኒየም እያቀለጠ ክፍሎቹን ራሱ አወጣ። የወጣቱንም ስም በትላልቅ ፊደላት ፊት ለፊቱ ላይ ጻፈበት። ስፒዲ ዌስት በዚያ ጊታር በዘመኑ ካሉት የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ተጫዋቾች ዝነኛው ሆነ።

🔹 ከጊታሩ ሥር ጎንበስ ብለን እንይ

ዛሬ ያለው ፔዳል ስቲል እንዴት እንደሚሠራ ካልገባን የሰውየው ሥራም አይገባንም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፔዳሉን ስትረግጡ አንድ ዘንግ ወደ ታች ይሳባል። ያ ዘንግ በጊታሩ ሆድ ሥር በአግድም የተዘረጋ ሌላ ዘንግ ያዞራል። የሚዞረው ዘንግ ላይ ትንሽ ክንድ አለ፤ ክንዱ ቀጭን ሽቦ መሰል ብረት ይስባል። ያ ብረት ደግሞ ክሩ የታሰረበትን ተንቀሳቃሽ ጣት ይጎትታል። ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። እግራችሁን ስታነሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የመኪና ፍሪሲዮን ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ የጉልበት ማንሻዎች ተለመዱ። በጉልበት ስንል በኃይል ማለታችን አይደለም፤ የእግራችንን ጉልበት ነው። ከጊታሩ ሥር የተንጠለጠሉ ማንሻዎች አሉ፤ ተጫዋቹ ጉልበቱን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ሲገፋ ክር ይቀየራል። በናሽቪል ቅኝት ብዙዎች በግራ ጉልበታቸው አንዱን ማንሻ ሲገፉ የኢ ክሮች ግማሽ ቶን ይወጣሉ፣ ሌላውን ሲገፉ ግማሽ ቶን ይወርዳሉ።

አስተካከሉ ላይ ነው ሙያው። መጀመሪያ ክሩ ነፃ ሆኖ ይቃኛል። ከዚያ ማንሻው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ተይዞ፣ በጊታሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ የናይለን ዳዶ እየተዞረች የተቀየረው ድምፅ ይቃኛል። ማንሻው የት ላይ እንደሚቆም የሚወስን ብሎንም አለ።

ብረቱን ክንዱ ላይ ራቅ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ብታስገቡት ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ግን ለጉልበት ይከብዳል። ቀረብ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ከሆነ ይቀላል፤ ግን ብዙ መግፋት ይጠይቃል። ሁለቱንም በአንዴ ማግኘት የለም። ደግሞ ትንሽ ክፍተት ካልተተወለት ክሩ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ ጊታሩ ከቅኝት ወጣ ማለት ነው። ሁሉም ሰው እግሩ እኩል ስላልሆነ ለአንዱ የተስተካከለው ለሌላው አይሆንም።

ቢግስቢ ገና በፔዳል ዘመን የገባው ይሄ ነበር። እያንዳንዱን ጊታር ለአንድ ሰው ነው የሚሠራው።

🔹 አንዲት ዘፈን ሁሉንም ቀየረች

ከቢግስቢ ጊታር ካዘዙት አንዱ በድ አይዛክስ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፔዳል በአብዛኛው የሚረገጠው ቅኝት ለመቀየር ነበር፤ ይረገጣል፣ ከዚያ ይመታል። አይዛክስ ግን ክሩን መትቶ ድምፁ ገና ሳይሞት ፔዳሉን ረገጠ። አንዱ ኖታ ባለበት ቆሞ ሌላው ከሥሩ ተንሸራቶ ሲወጣ ተሰማ።

ይህ የሆነው ዌብ ፒርስ በ1953 መጨረሻ ላይ በቀረጸው «ስሎውሊ» በሚለው ዘፈን ነው። ዘፈኑ በ1954 በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ለ17 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ ፔዳል የሌለው ስቲል ተጫዋች ጭንቅ ያዘው። በኋላ የመሣሪያው ንጉሥ ሊባል የበቃው ቡዲ ኤመንስም በወጣትነቱ የቢግስቢ ጊታር ተጫውቷል። ቆየት ብሎ ከሾት ጃክሰን ጋር ሾ-በድ የተባለውን የራሳቸውን የፔዳል ስቲል ድርጅት መሠረተ።

🔹 ለምን ሀብታም አልሆነም?

ቢግስቢ በ1948 ለመርል ትራቪስም ጊታር ሠርቶለት ነበር። ትራቪስ በወረቀት ሥዕል ነድፎ ነው ያመጣለት። ቀጭን፣ እንደ ስቲል ጊታር ድምፁ የሚቆይ፣ ስድስቱም መቃኛ በአንድ ወገን የተደረደሩበት። ያ ጊታር ዛሬ ናሽቪል በሚገኘው የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ፉለርተን ከተማ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሰው ነበር። በ1950 ያወጣው የኤሌክትሪክ ጊታርም ስድስቱ መቃኛ በአንድ ወገን ነው። ትራቪስ ሐሳቡ ከእኔ ጊታር የተወሰደ ነው ባይ ነበር። ፌንደር በበኩሉ ከክሮኤሽያ ባህላዊ መሣሪያዎች ነው ያገኘሁት ብሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና ውስጥም እንዲህ ያለ ጊታር ይሠራ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም።

እኛ ግን ትልቁ ልዩነት መቃኛው ላይ ነው ብለን አናምንም። ፌንደር ጊታሩን ፋብሪካ ውስጥ በብዛት እንዲመረት አድርጎ ነደፈው። ቢግስቢ ዳውኒ ከተማ ባለች ትንሽ ወርክሾፑ አንድ በአንድ ይሠራ ነበር። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ታዋቂም ብትሆን ትጠብቃለህ። ፋብሪካ አልከፈተም። እንደ ፌንደር ቢሆን ኖሮ ሀብቱ ሌላ ይሆን ነበር። የስፒዲ ዌስት እግር የሚፈልገውን ግን ፋብሪካ አይሰማም ነበር።

በኋላ ከጊታሩ ይልቅ በትንሿ መወዝወዣ ላይ አተኮረ። እንደ ግሬች ያሉ ታላላቅ ፋብሪካዎች ገዝተው ጊታሮቻቸው ላይ ገጠሟት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱን የጊብሰን ፕሬዚዳንት ለነበረው ለቴድ ማካርቲ ሸጠ። በሰኔ 1968 በ68 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የቢግስቢ ስም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2019 በአንድ ኩባንያ ተገዛ። የገዛው ማን መሰላችሁ? ፌንደር። 😮

ስሙ የኩባንያ ንብረት ሆኗል። ሥራው ግን ዛሬም የማንም አይደለም። የሆነ ቦታ አንድ ተጫዋች ከጊታሩ ሥር ተንበርክኮ፣ ማንሻውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ዳዶዋን በሩብ ዙር እያዞረ ለገዛ ጉልበቱ ልክ ያደርጋታል።

በሚቀጥለው ጊዜ ካንትሪ ስትሰሙ ኢርፎን አድርጉና ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን አዳምጡ። አንዱ ኖታ ቆሞ ሌላው ሲንሸራተት ከሰማችሁ የሆነ ሰው እግሩን አንቀሳቅሷል ማለት ነው። የሰማችሁበትን ዘፈን ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ እኛም እናዳምጠዋለን። ሰላም ቆዩን! 🎸